ባዶው ጀሪካንና የቤተሰብ ጀልባ

በጀልባ የሚጓዝ ቤተሰብ ልጆች ሲያፈራ ወይም አያቶችን ይዞ መሻገር ሲጀምር፣ ከባለ ሁለት ቀፎው ፈጣን ጀልባ ወደ ባለ አንድ ቀፎው ረጋ ያለ ጀልባ መሸጋገሩ፣ የመዝናኛ ጀልባ በተስፋፋባቸው አገሮች ዘንድ የሚታይ ነገር ነው፤ ቀፎ ሲባል እዚህ ላይ ውኃውን ገፍቶ የሚንሳፈፈው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው የጀልባ አካል ማለት ነው። ሽግግሩ የሚገለጸው ፍጥነትን ትቶ ምቾትን እንደ መምረጥ ተደርጎ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል፤ ቤተሰቡ በእርግጥ የሚለውጠው ደኅንነቱ የተቀመጠበትን ቦታ ነው። በኢትዮጵያ ሐይቆችም፣ ከሁሉ በላይ በጣና ላይ፣ የዚህ ሽግግር የቅርብ ዘመድ የሆነ ለውጥ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ከደንገል ታንኳ ወደ ብረትና ፋይበርግላስ ጀልባ ሲካሄድ ቆይቷል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ ለውጡ ተገቢ ቢሆንም በግማሽ ቀርቷል፣ የቀረው ግማሽም ከሐይቁ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአዲስ አበባ አዲስ ከተማ፣ በመርካቶው ምናለሽ ተራ በየቀኑ በርካሽ ይሸጣል የሚል ነው።

ካታማራን የሚባለው፣ ሁለት ቀጫጭንና ረጃጅም ቀፎዎች ጎን ለጎን ተራርቀው በመድረክ ወይም በተወጠረ መረብ የተያያዙበት ጀልባ ነው። አሠራሩ በፓስፊክ ደሴቶች ሕዝቦች ዘንድ ጥንታዊ ሲሆን፣ አሜሪካዊው የጀልባ ነዳፊ ናትናኤል ሄረሾፍ እ.ኤ.አ. በ1876 አማሪሊስ የተባለች ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባውን ኒውዮርክ ላይ ለውድድር ባቀረበ ጊዜ የነበሩትን ጀልባዎች ሁሉ ጥላቸው በመሄዷ፣ ይህን መሰሎቹ ከባለ አንድ ቀፎዎቹ ጋር እንዳይወዳደሩ እስከ መከልከል ተደርሶ ነበር። እንግሊዛዊው ጄምስ ዋራም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በገዛ እጁ በሠራት ካታማራን ሁለት ሴቶች ጓደኞቹን ይዞ አትላንቲክን ተሻገረ፤ ከዚያም በኋላ ካሊፎርኒያዊው ሆቢ አልተር ሁለት ሰው ከአሸዋ ላይ ገፍቶ ውኃ ውስጥ ሊያስገባት የሚችል ቀላል ካታማራን ለገበያ አቀረበ። የፍጥነቱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ቀጭን ቀፎ ውኃውን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚያስነሣው ማዕበል ትንሽ ስለሆነ፣ ነፋሱ የሰጠው ጉልበት ማዕበል በመሥራት ብዙም አይባክንም።

የካታማራን መረጋጋት ምንጩ ስፋቱ ነው። ነፋስ ሸራውን ገፍቶ አንዱን ቀፎ ሊያነሣ ሲሞክር፣ ርቆ የተቀመጠው ሁለተኛው ቀፎ ወዲያው ይቃወማል፤ ስለዚህም ተሳፋሪው ጀልባው ሲያዘነብል እምብዛም አይሰማውም፣ ሻይ የተቀዳበት ብርጭቆም ጠረጴዛው ላይ ይቆማል። ይህ ተቃውሞ ግን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ዝንባሌ ላይ ጫፉ ይደርስና ከዚያ በኋላ እየደከመ ይሄዳል፤ ዝንባሌው ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ወዳለው ሲጠጋ ጨርሶ ይጠፋና ጀልባው ይገለበጣል። የተገለበጠ ትልቅ ካታማራን ደግሞ ተገልብጦም እንደ ቀድሞው የተረጋጋ ስለሆነ ራሱን አያቀናም። ጥሩው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አለመስጠሙ ነው፤ የዘመኑ ካታማራኖች ከብደው የሚጎትቷቸው የብረት ወይም የእርሳስ ሸክም ስለሌለባቸውና ቀፏቸው ቀላል በሆነ ቁስ ስለሚሠራ፣ ተገልብጠውም ይንሳፈፋሉ።

ለባሕር የሚሠራው ባለ አንድ ቀፎ የሸራ ጀልባ አካሄዱ ተቃራኒ ነው። ከሥሩ እንደ ክንፍ ወደ ታች የወረደ አካል አለው፤ በዚህ አካል ላይ እርሳስ ወይም የብረት ቀልጥ ይታሰራል፤ ክብደቱም ብዙ ጊዜ የጀልባውን ጠቅላላ ክብደት ከ30 እስከ 40 በመቶ ይይዛል። እንዲህ ያለ ጀልባ በትንሽ ነፋስ ቶሎ ያዘነብላል፣ ለጀማሪም ያስፈራል፤ ነገር ግን ባዘነበለ ቁጥር ከሥር ያለው ሸክም ይበልጥ ወደ ቦታው ስለሚጎትተው፣ በደንብ የተሠራው ከ110 ዲግሪ በላይ፣ ማለትም ምሰሶው ውኃ ነክቶም እንኳ፣ ተመልሶ ይቆማል። ተሳፋሪው ከጀልባው ላይ ሳይሆን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሕፃን ልጅ ከመረብ ላይ ተንሸራቶ የሚወድቅበት ዕድል ይጠባል፤ ስንቅ፣ ውኃና ልብስ ሲጨመርም ከካታማራኑ ይልቅ ሸክሙን ይታገሣል፣ ምክንያቱም ቀጭን ቀፎ በጥቂት ጭነት ብዙ ይሰምጣልና። ቤተሰቦች ወደዚህ ጀልባ የሚዞሩት በከንቱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል የተካሄደው የፋስትኔት ውድድር በድንገተኛ ማዕበል ተመትቶ 15 ተወዳዳሪዎች ሕይወታቸውን ባጡበት ጊዜ፣ ሰዎቻቸው ትተዋቸው የወጡት ጀልባዎች 24 ሲሆኑ፣ የሰጠሙት ግን 5 ብቻ ነበሩ። ባዶአቸውን የቀሩት አብዛኞቹ ጀልባዎች በኋላ ተንሳፍፈው ተገኙ፤ በጎማ ጀልባ ለመዳን ትተዋቸው ከወጡት ሰዎች መካከል ግን የሞቱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የጀልባ መረጋጋት የሚለካበት ደንብ እየጠበቀ መጣ፤ ለመርከበኛውም የተላለፈው ትምህርት፣ የሚንሳፈፍ ጀልባን አለመልቀቅ፣ እስከ ዛሬ ይነገራል። ትምህርቱ የሚሠራው ግን ጀልባው መንሳፈፉን ከቀጠለ ብቻ ነው፤ የጣናም ጉዳይ የሚያያዘው ከዚሁ ጋር ነው።

በካታማራኑና ከሥሩ ሸክም ባለው ጀልባ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ለኢትዮጵያ ሐይቆች የሚቀርበው እሱ ነው። እንግሊዛዊው ኢያን ፕሮክተር እ.ኤ.አ. በ1957 የነደፋት ዌይፋረር የተባለች ጀልባ ከ5 ሜትር ያነሰች፣ አንድ ቀፎ ያላት፣ ከሥሯ ምንም የእርሳስ ሸክም የሌላት፣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሐይቅ ዳር የሚያድርባት የሸራ ጀልባ ናት። ማዕበል ቢሞላትም አትሰጥምም፤ ምክንያቱም ከፊትና ከኋላዋ ውኃ የማይገባባቸው፣ አየር ብቻ የያዙ የታሸጉ ክፍሎች አሏት። ፍራንክ ዳይ የተባለ መርከበኛ በዚህች ትንሽ ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1963 ከስኮትላንድ አይስላንድ፣ በ1964 ደግሞ ኖርዌይ ደርሷል፤ በኋለኛው ጉዞ ጀልባዋ በተደጋጋሚ ተገልብጣ፣ ምሰሶዋ ተሰብሮም፣ ሰዎቿን አላሰጠመችም። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ከ20 ጫማ ያነሱ ባለ ውጭ ሞተር ጀልባዎች ውኃ ቢሞላቸውም ቀጥ ብለው እንዲንሳፈፉ፣ ለዚህ የሚበቃ ተንሳፋፊ ነገር ከፋብሪካ ተገጥሞላቸው እንዲወጡ በሕግ አስገድዳለች።

ጣና ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚያልፍ፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ወይም 9 ሜትር ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲመታው አጫጭርና ቀጥ ያሉ፣ በፍጥነት የሚከታተሉ ሞገዶችን ያስነሣል፤ እነዚህ ደግሞ ከረጅሙ የውቅያኖስ ሞገድ ይልቅ ትንሽ ጀልባን ቶሎ ይሞላሉ። ባሕር ዳርን ከዘጌ፣ ከደቅ ደሴት፣ ከቁንዝላና ከጎርጎራ የሚያገናኘው ይህ ውኃ ለመነኮሳት፣ ለቡና ገበሬ፣ ለዓሣ አስጋሪና ለገበያተኛ እናት መንገድ እንጂ መዝናኛ አይደለም። በዚህ መንገድ ላይ ለዘመናት የኖረው ተሽከርካሪ፣ ቢባል ያስኬዳል፣ የደንገል ታንኳ ነው።

ታንኳውን በመሥራት የታወቁት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ነገደ ወይጦ ናቸው፤ ጥበባቸው ጣናን ሲያሻግር፣ እነርሱ ራሳቸው ከማኅበራዊ ሕይወት ተገልለው መኖራቸው ሊታወስ የሚገባው ግፍ ነው። ደንገል ተቆርጦ ይደርቅና በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ እርስ በርሳቸው ተጠፍረው፣ ጫፋቸው ወደ ላይ ይቀናል፤ ጭነትና ሰው ከእርጥበት እንዲርቅ ከላይ ሌላ ድርብ ይደረጋል። ታንኳው ቀፎ የለውም፤ የሚንሳፈፈው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳይሆን፣ የተሠራበት ቁስ ራሱ አየር የቋጠረ ስለሆነ ነው። በዚህ ጠባዩ ከካታማራኑ ጋር ይቀራረባል፦ ሰፊ ነው፣ ሰው የሚቀመጠው ላዩ ላይ ነው፣ ውኃ ቢያጥበው ከመካከሉ ወርዶ ይፈሳል እንጂ አያጠራቅምም።

የዚህን ተክል ኃይል ዓለም ያየው በቶር ሄየርዳል ጉዞ ነው። ኖርዌያዊው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለመሻገር ያሠራት ራ የተባለች ጀልባ ደንገሏ የተቆረጠው ከጣና ነበር፤ ግብፅ ውስጥ የገነቧትም ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ራ ባርቤዶስ ሳትደርስ ኋላዋ ውኃ ጠጥቶ ተንበረከከች፤ ሰዎቿ ግን በሕይወት ወጡ። በማግሥቱ ዓመት ራ ሁለት፣ የቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ ሠሪዎች ሁለት ትላልቅ የደንገል ጥቅሎችን ጎን ለጎን አስረው የሠሯት፣ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ሁለቱ ጥቅሎች ካታማራንን ማስታወሳቸው የአጋጣሚ ነገር ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ከባድ ሸክም በሌለበት ቦታ መረጋጋትን ከስፋት ማግኘት፣ ውኃ የሚያውቁ ሕዝቦች በየፊናቸው የደረሱበት መፍትሔ ነውና።

ታንኳው ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ተተወ? ምክንያቶቹ እውነተኛ ናቸው፤ በናፍቆት ሊሸፈኑም አይገባም። ደንገል ውኃ እየጠጣ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ታንኳው በየጊዜው ወጥቶ መድረቅ፣ ኋላም በአዲስ መተካት አለበት። የሐይቁ ዳር ለእርሻ ሲታረስ የደንገሉ ማሳ ሳሳ፤ ከ2004 ዓ.ም አንሥቶ ደግሞ እንቦጭ የተባለው መጤ አረም የሰሜንና የምሥራቁን ዳርቻ ወረሰ። በመቅዘፊያ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ሞተር ላለው ጀልባ አንድ ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በልማት ፕሮጀክት አማካይነት ወደ ጣና ዓሣ አስጋሪዎች ከገባ ወዲህ የብረት፣ የእንጨትና የፋይበርግላስ ጀልባ እየበዛ መጣ፤ ምጥ የያዛትን ሴት ከደሴት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያለበት ቤተሰብ ወደ ደንገሉ ተመለስ ሊባል አይችልም።

ጥፋቱ ያለው ሽግግሩ ከታንኳው አንድ ነገር ሳይወስድ በመቅረቱ ላይ ነው። ቤተሰቡ ከላይ ተነሥቶ ውስጥ ተቀመጠ፣ ደረቀ፣ ሞቀው፣ ፈጠነ፤ ነገር ግን እግሩ ሥር ያለው ነገር ራሱ የማይሰጥም መሆኑ ቀረ። ብረት ቀፎ ባዶ እስከሆነ ድረስ እንደ ብረት ድስት ውኃ ላይ ይቀመጣል፤ ውኃ ሲሞላው ግን ድስቱ የሚሆነውን ይሆናል። የውቅያኖሱ መድኃኒት እዚህ አይሠራም፤ ከሥር አንድ ሜትር ተኩል የሚወርድ የእርሳስ ክንፍ ያለው ጀልባ ወደብ በሌለበት፣ ሰው ጉልበቱ ድረስ ረግጦ በሚወጣበት ዳር ሊጠጋ አይችልም። ካታማራን ማስመጣትም መፍትሔ የሚመስለው ላይ ላዩን ነው፤ ዋጋው ከባድ ነው፣ በሁለቱ ቀፎዎች መካከል ያለው ክፍት ቦታ እንቦጩን እየሰበሰበ ይታነቃል፣ ጥገናውም ባለሙያ ይፈልጋል። የሚቀረው የዌይፋረሯ መንገድ ነው፤ ያለውን ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ይዞ፣ የታንኳውን አለመስጠም በታሸገ አየር መልክ መመለስ።

የታሸገው አየር አገር ውስጥ ስሙ ባዶ ጀሪካን ነው። መርካቶ፣ የጣሊያን ወራሪ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በቆየበት ዘመን የከተማዋን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር የተቆረቆረው ይህ ሰፊ ሠፈር፣ ዛሬ የአገሪቱ ዕቃ የሚገባበትና የሚወጣበት በር ነው፤ በዚያ ውስጥ ምናለሽ ተራ ደግሞ ያረጀ ነገር ሁለተኛ ሕይወት የሚያገኝበት ነው። ቆራሊዮ እያሉ በየሠፈሩ የሚዞሩት ሰብሳቢዎች ያመጡት በርሜል በመዶሻ ተዘርግቶ ምድጃና ባልዲ ይሆናል፤ የዘይቱ ቢጫ ጀሪካን ደግሞ ታጥቦ፣ ክዳኑ ተፈልጎለት፣ በገመድ ተሰክቶ በር ላይ ይንጠለጠላል፤ የክልል ነጋዴም በብዛት ጭኖ ይሄዳል። ባሕር ዳር ገበያ ላይ ያለው ጀሪካንም በዚሁ በኩል ያለፈ ሊሆን ይችላል።

የጀሪካኑን ዋጋ ለመረዳት ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል። ውኃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ በገፋው ውኃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይገፋል፤ 20 ሊትር የሚይዝ የታሸገ ባዶ ጀሪካን የራሱ ክብደት አንድ ኪሎ ያህል ቢሆን፣ ወደ ላይ የሚያነሣው 19 ኪሎ ነው። 400 ኪሎ የሚመዝን የብረት ጀልባ ውኃ ሲሞላው ከክብደቱ አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ስለሚቀልለት 350 ኪሎ የሚደርስ ጉተታ ይቀረዋል፤ ሞተሩና ዕቃው 40 ኪሎ፣ ጫፉን ይዘው ለሚቆዩ 10 ሰዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ቢታሰብ 50 ኪሎ፣ በድምሩ 440 ኪሎ ይሆናል። 24 ጀሪካን 456 ኪሎ ስለሚያነሣ ይበቃዋል። ፋይበርግላስ ውኃ ውስጥ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሚቀልለት፣ ያው 400 ኪሎ የሚመዝነው ጀልባ 13 ጀሪካን ይበቃዋል። አንድ ቤተሰብ ለአንድ በዓል ከሚያወጣው ወጪ የማይበልጥ ነገር ሙሉ ጀልባን ከመስጠም ይይዛል ማለት ነው።

አስተሳሰሩ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የተሳሳተ አስተሳሰር ጀልባውን ከማዳን ይልቅ ሊገለብጠው ይችላል። ጀሪካኖቹ በሙሉ ወለሉ ላይ ቢደረደሩ፣ ውኃ የሞላውን ጀልባ ከታች ወደ ላይ ስለሚገፉት ተገልብጦ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ቦታቸው በግራና በቀኝ፣ በመቀመጫው ሥር፣ ከጎኑ ጫፍ ብዙም ሳይርቁ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሚከብድም ከኋላ መብዛት አለባቸው። በእጀታው ብቻ ማሰር አይበቃም፤ ማዕበል ሲያንገላታው እጀታው ይቆረጣልና፣ ሁለት ዙር በገመድ ወይም በአሮጌ የዓሣ መረብ ተጠፍሮ ከጀልባው የጎን ብረት ጋር መያያዝ አለበት። ከመታሰሩ በፊት እያንዳንዱ ጀሪካን ክዳኑ ጠብቆ ተዘግቶ ውኃ ውስጥ ተደፍቆ አረፋ ያወጣ እንደሆነ መታየት ይኖርበታል፤ አንዲት ቀዳዳ ውኃ እያስገባች የጀሪካኑን እርዳታ ልታሳጣ ትችላለች። ፀሐይ ፕላስቲኩን እያደረቀች ስለምትሰነጥቀው፣ በሳንቃ መሸፈኑ ዕድሜውን ያረዝማል፣ መቀመጫውንም ያሳምራል። በጀሪካን ፈንታ ነጭ ፎም የሚያስገቡ አሉ፤ ቤንዚን ሲንጠባጠብበት ግን እየቀለጠ ስለሚጠፋ፣ የሞተር ጀልባ ላይ ጀሪካኑ ይሻላል።

ጀልባ ላይ ጀሪካን ማሰር የድኅነት ምልክት ነው፣ ጎብኚም ያስፈራል የሚል ቅሬታ መነሣቱ አይቀርም። ለዚህ መልሱ ራሱ የዌይፋረሯ የታሸገ ክፍል ነው፤ በውድ ጀልባ ውስጥ በፋይበርግላስ ተሸፍኖ የማይታየው ነገርና በሳንቃ ሥር የታሰረው ጀሪካን ሥራቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው ማን እንደሠራው ብቻ ነው። ሌላው ቅሬታ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል የሚለው፣ ይበልጥ ክብደት ያለው ስለሆነ መታየት አለበት። ጃኬት የግድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ መኖር አለበት፤ የአዋቂ ጃኬት የለበሰ ሕፃን ውኃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣና ፊቱን ይሸፍናል፣ ወይም ጨርሶ ይወልቃልና፣ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው የልጅ ጃኬት መፈለግ ይኖርበታል። ነገር ግን ጃኬት ያጠለቁ 10 ሰዎች ጀልባቸው ከሰጠመ በማዕበሉ እየተበታተኑ ለፈላጊ ጀልባ የማይታዩ ነጥቦች ይሆናሉ፤ እናት ልጇን ይዛ ምን ያህል ጊዜ ልትቆይ እንደምትችል ማሰብም ከባድ ነው። ውኃ የሞላው፣ ግን የማይሰጥም ጀልባ የሁሉም መያዣ ሆኖ አንድ ላይ ያቆያቸዋል፣ ከሩቅም ይታያል። የፋስትኔት ሟቾች ታሪክ ለጣና የሚነግረው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ቁጥጥር የሚያደርገው አካልና የጀልባ ባለቤቶች ማኅበራት ጃኬት ከመቁጠር ባሻገር አንድ ፈተና ቢጨምሩ ተገቢ ነው። ጀልባው ውኃው የቆመ ሰው ደረት ድረስ በሚደርስበት፣ ማዕበል በሌለበት ዳር በጠዋት ይወሰዳል፤ ሞተሩ ለፈተናው ተነቅሎ በክብደቱ ልክ ብረት ይታሰርበታል፤ ከዚያ ጀልባው እስኪሞላ በባልዲ ውኃ ይደፋበታል። ጃኬት ያጠለቁ ጠንካራ ዋናተኞች ጫፉን ይዘው ይንጠለጠላሉ። ጫፉ ከውኃው በላይ ከቀረና ጀልባው ወደ ጎን ካልተንከባለለ፣ ባለቤቱ ቤተሰብ ሊጭን ይችላል። ከኋላ ከዘቀጠ ግን ከሞተሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጀሪካን ይጨመርና ፈተናው እንደገና ይደረጋል፤ አሁንም ከዘቀጠ፣ ጫፉ ውኃውን ለቆ እስኪወጣ ድረስ ሌላ ሁለት ሁለት ይጨመራል።